ከግድግዳው ወዲህ

ጥቅምት 9

ከሥራ ቶሎ ወጣሁ። ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ የእማማን የጉልበት ቅባት ገዛሁ። ታክሲ አልነበረም፤ በእግሬ መጣሁ።

ቤት ስደርስ የሚጡ አባት ኩሽና ቆሞ ሻይ ያፈላል። አሳለፈኝ። አሳለፍኩት። ጠባብ መንገድ ላይ እንደተገናኙ ሁለት መኪናዎች… እማማ ክፍላቸው ሬዲዮ ከፍተው ብቻቸውን ከዜና አንባቢው ጋር ይከራከራሉ። ሁሉም እንደ ልማዱ ነው። ለማያውቅ ሰው ደህና ቤት ይመስላል።

ፍርድ ቤት ካፋታን ወር ሊሆነው ነው። የቀረው ቤቱ ነው። እሱ ይሸጥ ይላል፣ እኔ አይሸጥም። አንዱ የሌላውን ድርሻ ለመግዛት አቅሙ የለንም። ዳኛዋ ሰልችቷት መሰለኝ፣ ለሁለት የሚከፈል ከሆነ መሐንዲስ ይየው አለች። ከነገ ወዲያ ይመጣል።

ለምን እምቢ አልኩ? ጠበቃዬም ጠይቃኛለች። ልጄ ያደገችበት ነው አልኳት። እውነት ነው… ግን ያ ብቻ አይደለም። ቤቱ ከተሸጠ እማማ ከእሱ ጋር መሄዳቸው ነው። ምኔ ናቸው ብዬ ልከራከር? የባል እናት የጋራ ንብረት አይደለችም።

ሚጡ ስትወለድ ሊያግዙኝ መጡ። ለጥቂት ሳምንት ነበር። ሚጡ አድጋ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ እሳቸው አሁንም አሉ።

ጥቅምት 11

መሐንዲሱ መጣ። ልጅ እግር ነው። ጫማውን ሊያወልቅ ሲል "ግዴለም" አልነው፣ ሁለታችንም በአንድ አፍ። ከስንት ጊዜ በኋላ የተስማማንበት ነገር!

ግድግዳ ላይ ቀይ ነጥብ የሚያሳርፍ መለኪያ ይዟል። ክፍል ለክፍል ዞረ። ከዚያ ሳሎኑ መሃል ቆመና በእጁ አየሩን ሰነጠቀ። በዚህ ነው የሚቆረጠው አለ። እንደ ዳቦ።

ቤቱ ሁለት በር ስላለው ይከፈላል። የፊት በር ለእሱ፣ የጓሮ በር ለእኔ። ኩሽናው በእኔ በኩል ቀረ፣ መታጠቢያ ቤቱ በእሱ። የጎደለውን እያንዳንዳችን እናሠራለን። እማማ በራቸው ላይ ተደግፈው ሲሰሙ ቆይተው፣ "እንግዲህ አንዱ እየበላ ሌላው እየታጠበ ሊኖር ነው" አሉ። መሐንዲሱ ሳቀ። እኛ አልሳቅንም።

ትልቁ መስኮት በእሱ በኩል ሆነ። የሚጡ ክፍል በእኔ። የእማማ ክፍል በእሱ።

"እኔስ በየት ነኝ?" ብለው ጠየቁት። መሐንዲሱ ፕላኑን ዘርግቶ በጣቱ አሳያቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አላደረጉም። ወረቀቱንም አላዩም። እኔን ነበር የሚያዩት።

ጥቅምት 15

ሚጡ ደወለች። ፈተና ላይ ናት። ስለ ግድግዳው አባቷ ነግሯታል።

"ስመጣ የማንን በር ነው የማንኳኳው?" አለች። እየሳቀች ጀመረች… መሃል ላይ ሳቋ ጠፋ።

ክፍሏ እኔ ጋ መሆኑን ነገርኳት።

"ክፍሌ አንቺ ጋ፣ ሻወሩ አባዬ ጋ፣ አያቴ አባዬ ጋ፣ ምግቡ አንቺ ጋ። ጥሩ ነው፣ ስፖርት እሠራለሁ።"

ጎበዝ ልጅ። ሲከፋት ትቀልዳለች። ከማን ወረሰችው? ከእኛ አይደለም። ከእማማ ነው።

ጥቅምት 20

ዛሬ ዕቃ ተካፈልን። ቅዳሜ ነው፣ እሱም መንገድ የለበትም። (አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው የሚነዳው፤ የሳምንቱን ግማሽ ከቤት ውጭ ነው። ድሮ ያንን እጠላ ነበር፣ አሁን ያንኑ እጠብቃለሁ።)

ትንሿ መኪና ለእሱ፣ ማቀዝቀዣው ለእኔ። ቴሌቪዥኑ ለእሱ፣ የልብስ ማጠቢያው ለእኔ። ሶፋው ደግነቱ ይገነጠላል፤ ረጅሙን እሱ ወሰደ፣ አጭሩን እኔ። ብቻዬን ለምተኛ ለእኔ ረጅሙ ምን ያደርግልኛል? አላልኩም። ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ሳህን። ሹካና ማንኪያ ስንካፈል ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ነበር።

የቀድሞ አለቃው የሰጠን የአበባ ማስቀመጫ አለ። የዝሆን እግር የሚያህል፣ ቀለሙ የጉበት። አነሳና "ይሄ ላንቺ ይሁን" አለ። "ኧረ ለአንተ ነው የተሰጠህ" አልኩት። "እኔማ አበባ አላውቅም፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው።" "ለዚያ የሚሆን አበባ ገና አልበቀለም።" ሊስቅ ነበር። እኔም። ለትንሽ ጊዜ እንደ ሰው ተያየን… ከዚያ ዞረ።

አልጋውን ማንም አልፈለገም። አፍርሶ ግቢ አስደገፈው።

ፎቶው ላይ ስንደርስ ግን አቃተን። ሚጡ ያለችበትን አንቺ፣ እናቴ ያለችበትን እኔ አለ። ጀመርን። እማማ ሚጡን አዝለው። ሚጡ እማማ ጭን ላይ። እማማ ሚጡን ሲያበጥሩ። አቆመ። አልበሙን ዘጋና ወደ እናቱ ክፍል ወሰደው። "እኔ ጋ ይቀመጥ፣ ማየት የፈለገ ይመጣል" ሲሉ ሰማሁ።

ጥቅምት 21

እሁድ። ምንም።

ኅዳር 2

ግንበኛው መጣ። ብሎኬቱ ግቢውን ሞላው። ወሬኛ ሰው ነው፤ ከምላሱ ቀድሞ የሚደርቅ ሲሚንቶ የለም።

"ልታከራዩት ነው?" አለ።

የሚጡ አባት አዎ አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

ብልህ ናችሁ አለን። ባልና ሚስት እንዲህ ሲመካከሩ ደስ ይላል አለ።

ከዚያ ለስላሳው ፊት ወዴት ይሁን ብሎ ጠየቀ። በአንድ በኩል ብሎኬቱ ልክ ልክ ይቀመጣል፣ በሌላው በኩል ትንሽ ይወጣል ይገባል አለ። የሚጡ አባት ብሎኬቱን ያያል። ሁሌም እንዲህ ነው፣ ጥያቄውን ሰው እስኪያነሳው መሬት ላይ ይተወዋል። "ወደ እሱ ይሁን" አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ተናደድኩ። እስከ ዛሬ ለስላሳ ለስላሳውን ለእሱ እያዞርኩ…

ግንበኛው "ወደ እሱ" ስል ግራ ገባው። ወደ ተከራዩ ማለቷ ነው አለ የሚጡ አባት።

ኅዳር 4

ግድግዳው ኮርኒስ ነካ።

ከሥራ ስመለስ ከላይ ትንሽ ክፍተት ቀርታ ነበር። ከእሱ መስኮት የሚመጣው ብርሃን በዚያች ብቻ ይገባል። ረድፉ ሲያድግ ቀጠነች፣ ቀጠነች… ተዘጋች። በጠራራ ፀሐይ መብራት አበራሁ። ቤቱ እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል።

ራት ሠራሁ። ስጨርስ እንደ ልማዴ "ራት ደርሷል!" አልኩ። ለብሎኬት! ራሴን ታዘብኩ። ማንኪያዬን ይዤ እንደ ሞኝ ቆሜ ሳለ ከወዲያ በጣም ሩቅ ሆኖ የእማማ ድምፅ መጣ። "መጣሁ።"

በግቢው ዞረው፣ ምርኩዛቸውን እየተመረኮዙ መጡ። ሳሎን ማቋረጥ ብቻ የነበረው አሁን ጉዞ ሆኗል። አብረን በላን። ስለ ግድግዳው አላነሱም። ሾርባው ጨው በዝቶበታል አሉ። በዝቶበታል።

ኅዳር 12

ግድግዳ ይለያል ያለው ማነው?

ሲያስል እሰማለሁ። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ሲጥል። ጫማውን ሲያወልቅ፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ቆይቶ ሌላውን። ሬዲዮ ከፍቶ ይዘጋል። ከእናቱ ጋር ሲያወራ ቃሉ ባይለይም ዜማው ይሰማኛል። አንድ ቤት ሳለን አልሰማውም ነበር። አሁን መቼ እንደሚተኛ፣ መቼ እንደሚነሳ፣ ጉንፋን እንደያዘው አውቃለሁ። ምን ያደርግልኛል?

በእኔ በኩል ግድግዳውን አላስለሰንኩትም። ብሎኬቱ ጥርሱን አውጥቶ ያየኛል። ሥዕል ልስቀልበት? ምን ሥዕል?

ኅዳር 19

የሚጡ አባት ለመንገድ ወጥቷል። እማማ ከሰዓት እኔ ጋ ዋሉ። የእግር እንቅስቃሴ አሠራኋቸው። ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው ከዛለ ወዲህ በየቀኑ ነው። ሆስፒታል በሽተኛ ሳስነሳ ውዬ፣ ቤት መጥቼ እሳቸውን። "አንቺ እኮ ስትወጂ የምትቆጪ ነሽ" ይሉኛል። መቆጣቴስ እውነት ነው። ካልተቆጡ አይነሱም።

ዛሬ እያረፉ ሳለ ጠየቁኝ። በቀጥታ። ምን አደረገሽ?

ምን ልበል? ምንም አላደረገኝም። አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። ቀስ በቀስ ነው የጠፋው። መጀመሪያ ወሬው፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ ሚጡ ሄዳ ወንበሯ ባዶ ሲቀር፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን የምንባባለው አጣን። አንድ ቀን ከመንገድ መጥቶ አልቻልኩም አለኝ። ሌላ ሴት አለች ወይ አልኩት። የለችም። ብትኖር ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር…

ይሄን ሁሉ አልነገርኳቸውም። "ተሰላቸን" ብቻ አልኩ።

ምርኩዛቸውን ወደ ጎን አስደገፉ። ከዚያ፦

"እሱ ፈታሽ እንጂ እኔ አልፈታሁሽም።"

ጉልበታቸውን ይዤ ስለነበር ቀና አላልኩም። ዓይኔን እንዳያዩ።

ታኅሣሥ 6

እጄ በፋሻ ስለታሰረ ጽሑፌ ያስቃል። ግን ዛሬ ካልጻፍኩት አልተኛም።

ዕረፍት ቀኔ ነበር። ከምሳ በፊት ሽንኩርት እየከተፍኩ ከወዲያ ድምፅ ሰማሁ። ከባድ ነገር መሬት ሲመታ። ዕቃ አይደለም። ሰው ሲወድቅ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው። ቢላውን ጥዬ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

"እማማ!"

ዝም።

"እማማ!"

"አለሁ… ወድቄ ነው።"

ልነሳ ሲሉ ሰማሁና ጮህኩባቸው። እንዳይነቃነቁ! ባሉበት ይቆዩ! ወጣሁ፣ በግቢው ዞሬ የፊት በሩ ጋ ደረስኩ። ተቆልፏል። አንደኛው ቁልፍ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው፣ ሌላው ከእሱ ጋር መንገድ ላይ። ገፋሁት። በትከሻዬ መታሁት። ከግድግዳው በፊት ቢሆን በሳሎን አቋርጬ አጠገባቸው እደርስ ነበር። አሁን በገዛ ግቢዬ እንደ ሌባ…

ትልቁን መስኮት ሰበርኩት። ከግንበኛው በተረፈ ብሎኬት። ስገባ እጄን ቆረጠኝ፣ ያኔ አልተሰማኝም።

አልጋቸው ሥር ነበሩ። እግራቸው ወደ ውጭ ዞሯል፣ አጥሯል። ሳየው ገባኝ። ዳሌ ነው። ምን ሊያደርጉ ተነሱ ብላቸው፣ ሬዲዮውን ሊያጠፉ። "ያ ሰውዬ ውሸት አበዛ" አሉ። ላባቸው ይንጠባጠባል፣ ፊታቸው ነጭ ሆኗል፣ እሳቸው ስለ ዜና አንባቢው።

አምቡላንስ እስኪመጣ መሬት ላይ አጠገባቸው ተኛሁ። እጃቸውን ያዝኩ። ደሜ ቀሚሳቸውን አበላሸው።

ታኅሣሥ 7

ቀዶ ጥገናው ደህና አለቀ።

የሚጡ አባት ጠዋት ደረሰ። ሲነዳ አድሮ ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል። ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ።

"መስኮቱ…" አለ።

"ሰበርኩት።"

"መስኮቱን አይደለም" አለ። እጄን እያየ ነበር።

ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ "ቁልፍ ልሰጥሽ አስቤ ነበር። ጠበቃው አይሆንም አለኝ" አለ።

የኔዋም እንዲያው ነበር ያለችኝ። የእኔን የጓሮ በር ቁልፍ እንዳልሰጠው። ነገርኩት። ሁለታችንም ግድግዳ ግድግዳ አየን። ሁለት የተማሩ ሰዎች ገንዘባችንን ተቀብለው እንዲህ መከሩን፣ እኛም እሺ አልን። እናታችንን ማን ያነሳታል ብሎ የጠየቀ የለም። "እናታችን" ብዬ ጻፍኩ… ይቅር፣ አልሰርዘውም።

ሻይ ገዝቶ አመጣልኝ። ስኳር አላስገባበትም። አልረሳም።

ታኅሣሥ 20

እህቱ መጣች። የምትኖረው ሩቅ ነው፣ ግማሽ ቀን መንገድ። ወሰነች። እማማን ትወስዳቸዋለች። ቤቷ ደረጃ የለውም፣ ሠራተኛ አላት፣ እሷም ጡረታ ወጥታለች። ወንድሟ መንገደኛ ነው፣ ማን ይጠብቃቸዋል?

እኔ አለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? እኔም ቀን ቀን ሥራ ላይ ነኝ። የምትለው ሁሉ ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው የከፋው።

አዲሷ ነርስ ገብታ ስለ መድኃኒቱ የማስረዳው ለማን ነው አለች። ሁላችንንም እያየች። "ለምራታቸው ንገሪያት፣ እሷ ታውቃለች" አለች ነባሯ ነርስ እኔን እያሳየች። እህቱ ቶሎ ብላ፣ "የቀድሞ" አለች። በክፋት አይደለም። ለማስተካከል ያህል ነው። አዲሷም አስተካከለች፤ ዞራ ለእሷ አስረዳች።

እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። እንዳልተኙ አውቃለሁ። ሲተኙ ያንኮራፋሉ።

ጥር 3

ሄዱ።

የሚጡ አባት የጓደኛውን ሰፊ መኪና ለምኖ አመጣ። የኋላ ወንበር ላይ ትራስ ደርድሬ አስቀመጥኳቸው። ለእህቱ እንቅስቃሴውን አሳየኋት፤ እግር ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ከወንበር መነሳት፣ መቀመጥ። እሺ እሺ አለች። ሰው ሲሰማና ሰው እሺ ሲል ይለያል።

በመስኮት እጄን ያዙ።

"ልጆቼ ናቸው" አሉ። "እምቢ ብላቸው ምን ይሉኛል?"

"ልክ ነዎት እማማ።"

"ልክ አትበይኝ። … እንዳትቀሪ።"

"አልቀርም።"

ሳልጠብቅ ፊቴን ዳበሱት፣ እንደ ልጅ። መኪናው ተነሳ። ግቢው በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያ አልጋ እስከ ዛሬ እንደተደገፈ ነው። ዛሬ ነው ያየሁት።

ጥር 11

ዛሬ ከአፌ የወጣው ሁሉ ለበሽተኞቼ ነው፦ ይነሱ። ቀና። ጎበዝ። ይቀመጡ። እንደገና።

ሌላ ቃል የተናገርኩ አይመስለኝም።

ጥር 19

ከወዲያ ምንም አይሰማም። እሱ መንገድ ሲሄድ ዝም፣ ሲመጣም ዝም። ሬዲዮውን እማማ ይዘውት ሄደዋል።

ራት ቆሜ በላሁ።

ጥር 27

ሚጡ ለዕረፍት መጥታ ሄደች። ጠዋት አባቷ ጋ፣ ማታ እኔ ጋ። ፎጣዋን አንገቷ ላይ ጥላ በግቢው ስትዞር በመስኮት አየኋት። የራሷ ቤት ውስጥ እንግዳ። ልትሄድ ስትል አቀፈችኝና ጆሮዬ ላይ፣ "እማ፣ እኔን ብለሽ ከሆነ ተይው" አለችኝ።

ምኑን አላለችም። ምኑን አላልኳትም።

የካቲት 8

ዛሬ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። የራሴ የነበረውን በር። ከፈተና እኔ መሆኔን ሲያይ ደነገጠ። "እናቴ ምን ሆነች?" ነው ያለው።

ደህና ናቸው፣ ለሌላ ነው አልኩት። ግባ አለኝ… ግቢ ማለቱ ነው፣ ተደናግጦ። ገባሁ። ረጅሙ ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ አለ። እዚያ ነው የሚተኛው። በእሱም በኩል ግድግዳው አልተለሰነም። ለስላሳ የተባለው ፊትም ያው ብሎኬት ነው።

"እንሽጠው" አልኩት።

ይቆጣል ብዬ ነበር። ያን ሁሉ ወር ለምኖኝ፣ ተከራክሮኝ፣ አሠርቶ… አልተቆጣም። ተቀመጠ።

"ምን አገኘሽ?"

"ግማሽ ቤት የሚባል ነገር የለም። ልኖርበት ሞከርኩ፣ የለም።"

እሱም ከመንገድ ሲመለስ ግቢው በር ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ሳይወርድ እንደሚቆይ ነገረኝ። ለመግባት እየከበደው። እኔ ይሰማኝ ነበር፤ መኪናው ይቆማል፣ በሩ ግን ቶሎ አይከፈትም። ስልክ እያወራ ይመስለኝ ነበር። ሌላ ሴት አገኘ ብዬም አስቤ ነበር…

ለስንት ዓመት እንዲህ ብናወራ ኖሮ? ይሄን ጥያቄ ቤቱ ውስጥ ማንሳት አያስፈልግም። አላነሳሁም። ደላላ እሱ ይፈልግ፣ ወረቀቱን እኔ ልጨርስ ተባብለን ወጣሁ።

መጋቢት 14

ገዢዎች እየመጡ ነው። ዛሬ የመጡት ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፣ እርጉዝ ናት። ሳሎን ሲደርሱ ግድግዳውን በጣቷ ነካችና ይሄ ለምንድነው አለች።

ደላላው ሳያቅማማ፣ "ለድምፅ ነው" አላት። "በዚያ በኩል ቢጮህ በዚህ በኩል አይሰማም።"

የሚጡ አባትና እኔ ተያየን። በዚያ በኩል መርፌ ብትወድቅ…

"ይፈርሳል" አለ ባልየው ለሚስቱ። "እናፈርሰዋለን፣ ትልቁ መስኮት ለሁሉም ይበቃል።" እሷም ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ሌሎች የበለጠ እንሰጣለን ያሉ ነበሩ። ለወጣቶቹ ይሁን አልኩ። እሱም አልተከራከረም።

ሚያዝያ 2

ገባሁ። ሦስተኛ ፎቅ። አንድ መኝታ፣ ኩሽና፣ ሳሎን ነኝ የሚል ነገር። ከሆስፒታሉ ብዙም አይርቅም። አጭሩ ሶፋ ልክ ገባ፤ ለካ ረጅሙ ቢሆን ደረጃው ላይ ይቀር ነበር። ዕቃ ተሸካሚዎቹ ሄዱ። በሩን ዘጋሁ። መብራት ማብሪያውን ግድግዳ ላይ ስዳብስ ቆየሁ፣ እጄ የት እንዳለ አያውቅም።

ከላይ አንድ ሰው ይራመዳል። አላውቀውም።

ሚያዝያ 23

እሁድ ረጅም ነው። ልብስ አጠብኩ። መስኮት አጸዳሁ። ሚጡ ጋ ደወልኩ፣ ላይብረሪ ውስጥ ናት፣ በሹክሹክታ "ቆይቼ" አለች። ቆይታ ደወለች። ይከብድሻል ወይ አለችኝ። የለም አልኳት።

አልቅሼ ነበር። ብዙ አይደለም።

ግንቦት 13

የሥራ ባልደረባዬ ብቻሽን አትቀመጪ፣ ነይ እኛ ጋ እያለች ወተወተችኝ፣ ሄድኩ። ባሏ፣ ልጆቿ፣ ጫጫታ። ደስ ይላል። ግን ሁሉም እየተፈራረቁ "ይለመዳል" አሉኝ። ትልቁ ልጇ ሳይቀር። ወደ ቤት ስመጣ ደረጃው ላይ ራሴን "ይለመዳል፣ ይለመዳል" ስል አገኘሁት። በየደረጃው አንድ።

ሰኔ 16

ትናንት እማማ ጋ ሄድኩ። ቆየሁ፣ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ቀረሁ። ምን ብዬ ልግባ? የማን እንግዳ ነኝ? በመጨረሻ እህቱ ራሷ ደወለችልኝ። "ምግብ እምቢ አሉ፣ ነይ ቆጣ በይልኝ" አለች።

መስኮት ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሲያዩኝ አልተነሱም። መነሳት ትተዋል።

"ያበሉኛል፣ ያለብሱኛል፣ ከወንበር ወደ አልጋ ተሸክመው ያደርሱኛል" አሉ። "የሚቆጣኝ ሰው ብቻ ጠፋ።"

ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። "ይነሱ" አልኳቸው። ያማል አሉ። "ማን አያመውም? ወገብ ቀና! ወደ ፊት ዘንበል… ይነሱ!" ተነሱ። እየተንቀጠቀጡ። እህቱ በረንዳው ላይ አፏን ይዛ ቆመች። ግቢው በር ድረስ ወጣን። ሁለት ጊዜ ሰደቡኝ፣ አንድ ጊዜ መረቁኝ።

በሩ ጋ ወንበር አመጣሁላቸውና አረፉ።

"ብቻሽን ነሽ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"ይከብዳል?"

"ይከብዳል እማማ።"

"እንግዲህ…" አሉ። ይለመዳል አላሉኝም። እጄን ይዘው መንገዱን ሲያዩ ቆዩ። እንዴት እንዳረፍኩ…

ምሳ በሉ። እህቱ እንቅስቃሴውን አንድ በአንድ ዳግመኛ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። አሁን ሰማች። በየወሩ ነይ አለችኝ፣ የአንቺ አልጋ እዚህ አለ አለች።

እዚያው አደርኩ። የዛሬ መመለሻ ትኬቴን የቆረጠችልኝ እሷ ናት። አውቶቡሱ ላይ ስወጣ ሹፌሩ እሱ ነው። አልነገረችኝም። እሱም አልጠበቀም፤ ትኬቴን ሲቀበል አንዴ እኔን አንዴ ትኬቱን አየ። "እናቴ ጋ ነበርሽ?" "አዎ፣ ተራመዱ።" ራሱን ነቀነቀ። መሃል ላይ ወንበር አገኘሁ። መንገዱን ሁሉ በመስታወቱ የግንባሩን ጫፍ አየሁ። ጥሩ ነው የሚነዳው። ጠመዝማዛው ላይ እንኳ ሕፃናት አልነቁም። ከሱ ጋር ያን ያህል ዓመት ኖሬ፣ ተሳፋሪው ሆኜ የማውቀው አንድ ሁለቴ ቢሆን ነው።

መናኸሪያ ስንደርስ ሊመሽ ነበር። እህቱ የጫነችኝ ከረጢት ከብዶኝ ስጎትት ደረሰብኝ። መኪናዬ እዚህ ናት፣ ላድርስሽ አለ። እምቢ ልል ነበር። ደክሞኛል። ገባሁ።

ሞተሩን አስነሳ። መሪውን ያዘ። ጠበቀ።

"ወዴት ነው?" አለ።

ጭጋግ ውስጥ እንኳ መንገድ ጠይቆ የማያውቅ ሰው! ለአፍታ ግራ ገብቶኝ አየሁት። ከዚያ ነገርኩት። ሆስፒታሉን አልፈህ ወደ ግራ። ፋርማሲው ጋ ቀስ በል፣ ወደ ውስጥ ነው። እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ፣ በቀኝ በኩል ያዝ። ስለው ይይዛል፣ ስለው ይታጠፋል።

በሩ ላይ አቆመና ቀና ብሎ ሕንፃውን አየ።

"የቱ ነው?"

"ሦስተኛ ፎቅ፣ ልብስ የተሰጣበት።"

አየው። "ፀሐይ ያገኛል" አለ።

"ያገኛል። ጠዋት ጠዋት።"

ግባ አላልኩትም። እሱም አልጠበቀም። ከረጢቱን እስከ መግቢያው አደረሰልኝ፣ ደህና ሁኚ፣ ደህና ሁን።

ደረጃውን ስወጣ የመኪናው ድምፅ አልተነሳም። ሁለተኛ ፎቅ… ሦስተኛ… ቁልፌን አወጣሁ፣ ከፈትኩ፣ መብራቱን ሳልዳብስ አበራሁት። ያኔ ነው ሞተሩን ሲያስነሳ የሰማሁት።

በመስኮት አላየሁትም። ልብሱን አስገባሁ። ደርቋል።